አንቀልባና አገልግል፤ ሕፃን ይዞ መንገድ የመውጣት ታሪክ

በየዓመቱ ክረምቱ አልፎ ምድር አበባ ስትለብስ፣ ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ቆመው ማኅሌተ ጽጌን ሲያዜሙ፣ ከበሮው የሚመታላት፣ ጸናጽሉ የሚንሿሿላት፣ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ከአገሯ የተሰደደችው እናት ናት። እመቤታችን ከሄሮድስ ቁጣ ሸሽታ ከአረጋዊው ዮሴፍና ከሰሎሜ ጋር ወደ ምድረ ግብፅ መውረዷ፣ በዚያም ከበረሓ በረሓ ስትንከራተት ሦስት ዓመት ከስድስት ወር መቆየቷ በትውፊታችን ይነገራል፤ ወቅቱም ኅዳር 6 ቀን በቁስቋም በዓል ይፈጸማል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸውንና ደብራቸውን ሲያሠሩ ቁስቋም ብለው የሰየሙት ይህንኑ የስደት ማረፊያ በማሰብ ነው። እንግዲህ ከዓመቱ ውስጥ አርባ ቀን ሙሉ ሕፃን ይዞ መንገድ የመሄድን ድካም በዜማ የሚያስብ ሕዝብ፣ ይህንኑ ድካም ስለ ደከሙት ስለ ራሱ እናቶች የጻፈው እጅግ ጥቂት መሆኑ ዘወትር ያሳዝነኛል። ዜና መዋዕሎቻችን ንጉሡ ወዴት እንደ ዘመተ፣ የት እንደ ሰፈረ፣ ማንን ድል እንደ ነሣ በዝርዝር ሲተርኩልን፣ ከሠራዊቱ ኋላ ልጅ አዝላ ስለ ተከተለችው ሴት ግን ዝም ብለው ያልፋሉ።

ሠዓሊዎቻችን ከጸሐፊዎቹ ይሻላሉ። በልጅነቴ ቅዳሴ በማስቀድስበት ደብር ግድግዳ ላይ የስደቱ ሥዕል ነበረ፤ ሰሎሜ ጓዝ ተሸክማ ከኋላ ስትከተል፣ ከጎኗ አንድ ቅል ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር። ያ ቅል የናዝሬት ወይም የግብፅ ቅል አልነበረም። አንገቱ የቀጠነ፣ ሆዱ የሰፋ፣ በጠፍር የታሰረ፣ እናቶቻችን ወተት የሚይዙበት ቅል ነበረ። ሠዓሊው መጽሐፉ ያልነገረውን ነገር ከገዛ እናቱ ወገብ ላይ አይቶ ሣለው፤ ሕፃን ይዞ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚይዝ መጠየቅ አላስፈለገውም።

ቋንቋችንም ቢሆን የዚህን ታሪክ ብዙውን ክፍል አኑሮልናል። ጓዝ ስንል የሚጫነውን ዕቃ ብቻ ማለታችን አይደለም፤ አንድ ሰው ከነጓዙ መጣ ሲባል ከነሚስቱ፣ ከነልጆቹ፣ ከነቤተሰቡ መጣ ማለትም ነው። ከተማ የሚለው ቃል ደግሞ ከተመ፣ ማለት ሰፈረ ከሚለው የወጣ ስለሆነ፣ ዛሬ ግንብና አስፋልት የምናስብበት ይህ ስም በጥንት ዘመን የድንኳን ሰፈር ስም ነበረ። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ አብዛኞቹ ነገሥታት ዓመቱን በአንድ ስፍራ አያሳልፉም ነበር፤ ስንቅ ሲያልቅና ማገዶ ሲራቆት ድንኳኑ ይነቀላል፣ ከተማውም ይሄዳል። ከከተማው ጋር የሚሄዱት ወታደሮች ብቻ አልነበሩም፤ ታቦታት ከነካህናቱ፣ ነጋዴዎች ከነሸቀጣቸው፣ ጠጅ ጣዮች፣ አንጥረኞች፣ ነፍሰ ጡሮችና አራሶች፣ ገና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናትም ነበሩ።

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር መጥቶ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ይህ ተንቀሳቃሽ ከተማ በሄደበት ሁሉ በአንድ ዐይነት ሥርዓት ይሰፍር እንደ ነበረ ጽፏል። የንጉሡ ድንኳን በሚተከልበት ቦታ ተለክቶ፣ የቀኙ በቀኝ፣ የግራው በግራ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በቦታው፣ ገበያው በቦታው ይሆናል። የታሪክ ሰዎች ይህን ሲያነቡ የጦርነት ጥበብ ያዩበታል፤ ትክክልም ነው። እኔ ግን ሳነበው የማስበው ሌላ ነው። ልጇ ስላለቀሰባት፣ ወይም ጫኝ አህያዋ ስለ ለገመባት ከሰልፉ ተለይታ የቀረች እናት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ያን ሁሉ ሺህ ድንኳን ብታይ፣ ከንጉሡ ድንኳን ተነሥታ አቅጣጫዋን ቆጥራ ባሏ ያለበትን ታገኘዋለች፤ ልጁም አገሩ በየሳምንቱ ቢለዋወጥ ሰፈሩ አይለወጥበትም።

ይህ ልማድ ከጎንደር በኋላም አልጠፋም። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ አስነግረው፣ ሠራዊቱ ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ እስኪዋጋ ድረስ ባሉት ወራት፣ ወታደሩ በአብዛኛው ስንቁን ከቤቱ ይዞ የወጣ ነበረ። ያን ስንቅ ያዘጋጀው፣ በየማረፊያው የፈጨውና የጋገረው እጅ የሴት እጅ ነው። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ሠራዊት አስከትለው መዝመታቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ሴቶች ግን ከአንድ ወገን ሸክም፣ ከሌላው ወገን ልጅ ይዘው ያን ዳገት ወጥተዋል። በዘመቻ ሰፈር ልጅ መውለድ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ የወለደችው አራስ ድንኳኑ ሲነቀል ከሌላው ጋር ትነሣለች፤ በአገሩ ሕግ አርባ ወይም ሰማንያ ቀን ከቤት የማትወጣዋ ሴት በዘመቻ ጊዜ የቤቱ ጣሪያ ሰማይ ይሆንባታል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። የመኳንንቱ ልጆች በዚያ መንገድ የተጓዙት በሞግዚት ጀርባና በበቅሎ ላይ ነው፤ ያቺ ሞግዚት ብዙ ጊዜ ገረድ፣ ብዙ ጊዜም በገንዘብ የተገዛች ባሪያ ነበረች። የጌታዋን ልጅ አዝላ ወር ሙሉ ስትሄድ የራሷ ልጅ የት እንደ ቀረ የሚጠይቃት አልነበረም። የጥንቱን ጉዞ ስናመሰግን ይህን ግፍ ከሸፈንነው ታሪክ መጻፋችን ቀርቶ ተረት መፍጠራችን ይሆናል።

አሁን ወደ ጓዙ እንግባ። ሕፃን ይዞ ለሚወጣ ሰው ከሁሉ በፊት የሚታሰበው አንቀልባ ነው። አንቀልባ የሚሠራው ከጥጃ፣ ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ ነው፤ ቆዳው ተገፎ፣ ተዘፍዝፎ፣ ጠጉሩ ተፍቆ፣ በእምቧይ ለፍቶ፣ ቅቤ ጠጥቶ እንደ ጨርቅ እስኪለሰልስ ድረስ ቀናት ይፈጃል። ከዚያ ተቆርጦ ተሰፍቶ ረዣዥም ጠፍሮች ይበጁለታል፤ ጠፍሮቹ በትከሻ ላይና በብብት ሥር ዞረው ከፊት ሲቋጠሩ፣ ሕፃኑ ጉልበቱን አጥፎ ከእናቱ ጀርባ ጋር አንድ አካል ይሆናል። ጆሮው እጀርባዋ ላይ ስለሚያርፍ ልቧ ሲመታ ይሰማል፤ እሹሩሩ ስትለው ድምፅዋ በአየር ሳይሆን በአጥንቷ በኩል ይደርሰዋል። እጇ ነጻ ነው፤ በትር ትይዛለች፣ አህያ ትነዳለች፣ ዳገቱ ሲከፋ ድንጋይ ትጨብጣለች። ቆዳው ቢረጥብ ተጠርጎ ይደርቃል፤ ብርድ አያስገባም፤ ማታ ደግሞ መሬት ላይ ተዘርግቶ የልጁ ምንጣፍ ይሆናል። ከአንቀልባ የተሻለ የሕፃን መጓጓዣ ተሠርቶ አላየሁም፤ ይህን የምለው ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠውን ሁሉ አይቼ ነው።

የአንቀልባው ጠርዝና መሐል በዛጎልና በጨሌ ያጌጣል። ዛጎሉ የባሕር ፍጥረት ነው፤ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በሲራራ ነጋዴ ጭነት ውስጥ ገበያ ለገበያ ዞሮ ደጋው ላይ ይደርሳል። ባሕር አይቶ የማያውቅ፣ ምናልባትም እስኪሞት የማያይ የመንዝ ወይም የላስታ ሕፃን፣ በባሕር ዛጎል ታጅቦ ይተኛ ነበር ማለት ነው። ዛጎሉ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ዐይን እንዲመልስ ነው። ለዚሁም ሲባል በልጁ አንገት ላይ ከክርስትናው ማተብ ጋር በቆዳ የተለበጠ ክታብ ይታሰርለታል፤ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርትም በጨርቅ ተቋጥረው ይያዛሉ። ነገር ግን ልብ ማለት የሚገባን አንድ ነገር አለ። ያን አንቀልባ ያለፋው ሰው ፋቂ ነው፤ ፋቂውንም፣ ሸክላ ሠሪዋንም፣ ቀጥቃጩንም ቡዳ ብሎ የሚሸሽ ይኸው ሕዝብ ነው። እናት ልጇን ከቡዳ ዐይን ለመጠበቅ ክታብ አስራ፣ ቡዳ ከተባለው ሰው እጅ በወጣ ቆዳ ውስጥ ልጇን ታሳድራለች። ልጇን ለእጁ ሥራ አምና እየሰጠች፣ ለሰውየው ግን መሬትም፣ ጋብቻም፣ ማዕድም ስትነፍገው ኖራለች። ከልማዶቻችን ሁሉ ይህን ያህል የሚያሳፍረኝ የለም።

ከአንቀልባው ቀጥሎ ስንቁ ነው። የመንገድ ስንቅ የሚሰናዳው ከጉዞው ቀደም ብሎ ነው፤ ሴቶች ተሰብስበው፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተረዳድቶ፣ ገብሱ ተፈትጎ፣ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል። በሶው በንጥር ቅቤ ሲታሽ ጭኮ ይሆናል፤ ጭኮ ለብዙ ቀን አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ ትንሹ ብዙ ያጠግባል። ከዚህ ሌላ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ አለ። አገልግል የሚባለው፣ ከስንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ በውጭ ቆዳ የለበሰው፣ ክዳኑ በጠፍር የሚጠፈረው ዕቃ፣ እንጀራውን ከነወጡ ይይዛል፤ ነገር ግን የአገልግል ምግብ የመጀመሪያው ቀን፣ ቢበዛ የሁለተኛው ቀን ምሳ ነው። ከዚያ ወዲያ ጉልበቱ የአቁማዳውና የስልቻው ነው። ለሕፃኑ የሚሆነው ግን ለብቻው ይቋጠር ነበር። ጡት ያልተወ ልጅ ዋናው ስንቁ እናቱ ናት፤ ጥርስ ላወጣው በሶው በውሃ ቀጥኖ፣ ጨው ወይም ማር ጠብ ብሎበት ይሰጠዋል፤ ዳቦው በወተት ይርሳል፤ ቋንጣውንና ቆሎውን እናቱ አላምጣ ታጎርሰዋለች። ወተት የሚያዝበት ቅል በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ወይራው ሽታ ብቻ ሳይሆን ወተቱን ቶሎ እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ነው። ጉዞው በዐቢይ ጾም ቢውል እንኳ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስለማይጾም፣ ቤተሰቡ ሁሉ ደረቅ ቆሎ እየቆረጠመ ሳለ አንዲት ትንሽ ቅል ቅቤ በጓዙ መካከል ለእሱ ብቻ ትጓዛለች። ያቺን ቅል ሌላ እጅ አይነካትም።

አያቴ የመንዝ ሰው ነበረች። ጣልያን ከአገር ከወጣ በኋላ፣ ባሏ አዲስ አበባ ሥራ ገብቶ ስለ ላከባት፣ ሁለት ዓመት ያልሞላውን አባቴን አዝላ፣ ከአንድ ታናሽ ወንድሟና ከአንዲት አህያ ጋር አራት ቀን በእግር ተጉዛ ደብረ ብርሃን ገባች፤ ከዚያም በካሚዮን ወደ አዲስ አበባ ሄደች። የያዘችውን ነገር ስትነግረኝ ብዙ ጊዜ ስለ ሰማሁት በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አንድ አቁማዳ በሶ፣ አንዲት ስልቻ ጭኮ፣ የቅቤ ቅል፣ አንድ ሙልሙል ጨው፣ ሌሊት የሚለበስ የመንዝ ባና፣ ከሦስት የተቀደደ ያረጀ ነጠላ። ያረጀ ነጠላ ለሕፃን ሽንት ጨርቅ ከሁሉ ይመረጣል፤ ብዙ ታጥቦ ስለ ለሰለሰ ገላ አይልጥም። በየወንዙ ይታጠባል፤ ከታጠበ በኋላም በአህያው ጭነት ላይ ይሰጣል፤ መንገዱ እየተሄደ ጨርቁ ይደርቃል። ይህ ነው ጓዟ ሁሉ። ይህን ያህል ጥቂት ይዛ እንዴት ደፈረች ብዬ ብጠይቃት ጥያቄው አልገባትም፤ መንገዱ ሰው አለበት አለችኝ።

መንገዱ ሰው አለበት ማለቷን የገለጠችልኝ በሁለተኛው ሌሊት ታሪክ ነው። መሽቶባቸው፣ ዝናብ ይዟቸው፣ ከማያውቁት ሰው ደጅ ቆመው ወንድሟ፣ የመሸብን መንገደኞች ነን፣ የእግዜር እንግዳ፣ ብሎ ተጣራ። ከውስጥ፣ ቤት ለእንግዳ፣ ግቡ፣ ግቡ የሚል ድምፅ መጣ። ባለቤቲቱ ወጥታ አያቴን ስታያት ሌላ ነገር ሳትጠይቅ፣ ልጁን ወዲህ በይ እህቴ፣ ከእሳቱ ዳር ይሙቅ አለቻት። አንቀልባው ተፈታ፤ ውሃ ሞቆ የእንግዶቹ እግር ታጠበ፤ ባለቤቲቱ እራሷ አራስ ስለ ነበረች፣ አያቴ በድካም ጡቷ ስለ ነጠፈ፣ አባቴ ያን ሌሊት ከማያውቃት ሴት ጡት ጠብቶ አደረ። ማለዳ ሲነሡ ሴትዮዋ አቁማዳውን ወስዳ ከጎታዋ በሶ ሞላችበት፤ የልጅ ስንቅ ከመንገድ አይጨረስም ብላ። አያቴ ደብረ ብርሃን ስትደርስ አቁማዳው ከቤቷ ሲወጣ ከነበረው አልጎደለም ነበር። የዚያችን ሴት ስም ሳትጠይቅ መሄዷ እስክትሞት ድረስ ይቆጫት ነበር።

የጥንቱ ጓዝ ትንሽ የነበረበት ምክንያት ከዚህ ታሪክ ይወጣል ብዬ አምናለሁ። ድህነት አለበት፣ እርግጥ ነው፤ የጀርባም አቅም አለበት። ነገር ግን ከሁሉ የበለጠው ምክንያት፣ በየመንደሩ በር የሚከፍት ሰው መኖሩ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። ከስንቁ ገሚሱ በአቁማዳው ውስጥ ነበረ፤ ገሚሱ በሰው ቤት ተቀምጦ መንገደኛውን ይጠብቅ ነበር። እናት የምትሸከመው የመጀመሪያውን ገሚስ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ግን መንገዱ ደግ ነበረ ማለት አይደለም። ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው ንዳድን ይፈራል፤ ሕፃን ያዘለ ሰው ደግሞ እጥፍ ይፈራል። ስለዚህ ክረምት ሲሆን ወንዙም ስለሚሞላ ጉዞ ይቀራል፤ መስቀል ካለፈ በኋላ ወንዙ ሲጎድል መንገዱ ይከፈታል። ፈንጣጣ እስከ 1968 ዓ.ም. ድረስ ከአገራችን አልወጣም ነበር፤ መንገደኛውም ሳያውቀው ይሸከመው ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን ከብቱ ሁሉ አልቆ እህል ሲጠፋ፣ ቀዬውን ጥሎ የሄደው ሕዝብ በሩን የሚከፍትለት አላገኘም፤ ባለቤቱም እንደ እንግዳው ተርቦ ነበርና። በዚያ ዘመን ከአንቀልባ ወርደው በመንገድ ዳር የተቀበሩትን ሕፃናት የቆጠረ የለም።

የባቡር ሐዲድ ሥራ ከጅቡቲ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ግድም ነው፤ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ሲራራው ሳምንታት ይፈጅበት የነበረው መንገድ፣ 784 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ቀን ሆነ፤ ባቡሩ በመጀመሪያው ዘመን ሌሊት ስለማይሄድ ተሳፋሪው አዋሽና ድሬዳዋ ላይ ያድር ነበር። በባቡሩ ውስጥ ግን አንቀልባው አልቀረም፤ እናቲቱ ተቀምጣ ልጁን ፈትታ ብትታቀፈውም፣ ከጣቢያው ስትወርድ እንደገና ታዝለዋለች። በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን፣ ለልጅ ስለት ተስለው የተሰጣቸው እናቶች ሕፃናቸውን ይዘው ራስ መኮንን ወደ አስተከሉት ወደ ቁልቢ ገብርኤል ሲጎርፉ፣ ከድሬዳዋ በላይ ያለውን ዳገት ብዙዎቹ የሚወጡት ስለታቸውን በጀርባቸው ተሸክመው ነው፤ ጧፉና ጃንጥላው በእጅ፣ ልጁ በአንቀልባ። ጣልያን ባስጠረገው መንገድ ላይ ካሚዮንና አውቶቡስ ሲበዙ ከጓዙ መካከል አዲስ የገባው ሎሚ ነው፤ የቤንዚን ሽታ ሲያጥወለውል ለማሽተት። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በዚያው ዓመት መጋቢት ወደ ካይሮ መብረር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ፣ በማርያም ስደት የታሰበው የግብፅ መንገድ የአንድ ቀን ጉዳይ ሆነ።

ከቅርቡ ዘመን ግን አንድ ጉዞ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የጎንደርና የትግራይ ቤተ እስራኤላውያን በ1970ዎቹ ዓመታት ወደ ኢየሩሳሌም እንሄዳለን ብለው በሌሊት ከመንደራቸው ሲወጡ፣ ለጎረቤት እንዳይታወቅ የሚይዙት ስንቅ እንኳ የተመጠነ ነበረ። ሕፃናቱ በእናቶቻቸው ጀርባ፣ ከፍ ያሉት በእግራቸው ሆነው ወደ ሱዳን ወረዱ፤ በመንገድና በስደተኛ ሰፈር ያለቁት በሺህ ይቆጠራሉ፤ ከነዚያም ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ሲወሰዱ፣ ቦታ ለሰው እንዲተርፍ ጓዝ ሁሉ ቀርቶ ነበር፤ በበረራው ላይ የተወለዱም ሕፃናት አሉ። እነዚያ እናቶች ከቤታቸው ይዘው የወጡት ልጃቸውንና የለበሱትን ብቻ ነው።

ዛሬ በቦሌ አውሮፕላን ጣቢያ ቆሞ የሚያይ ሰው ነገሩ ተገልብጦ ያገኘዋል። ከዋሺንግተን ወይም ከዱባይ ሕፃን ይዛ የመጣች ልጃችን ጋሪውን፣ የጡጦውን ከረጢት፣ የዳይፐሩን ጥቅል፣ የዱቄት ወተቱን ቆርቆሮ፣ ልብሱን፣ መድኃኒቱን ስትደረድር፣ ሻንጣው ከልጁ አሥር እጥፍ ይሆናል። ስትመለስ ደግሞ እናቷ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ በሶውን፣ ለልጁ አጥሚት የሚሆን ምጥን ዱቄቱን ጨምራ ታሳስራታለች፤ ሻንጣውም በሚዛን ላይ ወጥቶ ትርፍ አለበት ይባላል። ይህን አይቶ መንቀፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልነቅፍም። የተቅማጥን ሞት የምትመልሰው አንዲት የኦ አር ኤስ ከረጢት፣ አንድ አጎበር፣ አንድ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ፣ አያቴ ብታገኛቸው በዛጎሉ ሁሉ ትለውጣቸው ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ፋፋን ሲያወጣ፣ እናቶች በበሶና በአጥሚት ሲደክሙበት የኖሩትን ነገር፣ ማለት ጡት የሚተው ልጅ የሚበላውን ቶሎ የሚደርስና የሚገነባ ምግብ፣ በሳይንስ አሟልቶ ሰጥቷል። የሻንጣው ማበጥ ከፊሉ በረከት ነው።

ከፊሉ ግን እንዲህ አይደለም። ሻንጣው ያበጠው መንገዱ ሰው ስለጎደለበት ጭምር ነው። የዛሬዋ እናት ከምትደርስበት አገር ማንም በሩን ከፍቶ ልጁን ወዲህ በይ እህቴ እንደማይላት ስለምታውቅ፣ ያን ሁሉ በር በሻንጣዋ ውስጥ አጥፋ ለመሸከም ትሞክራለች። ከአያቴ ጓዝ በዝቶ የማየው ትርፍ ይህ ነው፤ ሚዛኑም የሚመዝነው ይህንኑ ነው።

የአያቴ አንቀልባ ዛሬ በእኔ ቤት አለ። ሰባት ልጆች ታዝለውበታል፤ ከዛጎሎቹ ዘጠኙ ረግፈዋል፣ የግራው ጠፍር በሌላ ቆዳ ተቀጥሏል። ያለፋውን ሰው ስም ግን የሚያውቅ አላገኘሁም፤ አያቴን ሳልጠይቃት ሞተችብኝ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በእናትህ ወይም በአያትሽ ቤት፣ ከአልጋ ሥር ወይም ከቆጥ ላይ፣ እንዲህ ያለ ቆዳ ቢኖር አትጣሉት፤ ባለቤቲቱ በሕይወት ካለችም ዛሬውኑ ቀርባችሁ ማን እንደ ሠራው፣ ማን ማን እንደ ታዘለበት፣ ከየት ወዴት እንደ ተጓዘ፣ በመንገድም ማን ቤት እንዳደረ ጠይቃችሁ ጻፉት።